ወርክሾፑን ክፈቱላቸው

ሰሞኑን አንድ የምህንድስና ፋኩልቲ ማስታወቂያ ለጥፏል። ከክፍል ውጭ ተሰባስበው እንደ መኪና ያለ ነገር የሚሠሩ የፕሮጀክት ቡድን አባላት ከ11 ሰዓት በኋላ ወርክሾፕ እንዳይገቡ ይከለክላል። አጠቃላይ ውጤቱ ከ3 ነጥብ በታች የሆነ ተማሪ ደግሞ ጭራሽ ከቡድን ይውጣ ይላል። ተማሪው እስከ 11 ሰዓት ክፍልና ላብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቡድኖቹ ተዘግተዋል ማለት ነው። ዘግተናል ብሎ በግልጽ ለመናገር ግን የደፈረ የለም።

ምክንያቱ የመውጫ ፈተና ነው ተባለ። ተማሪዎቹ ቅሬታ ይዘው ሲሄዱ አንድ ኃላፊ የሰጡት መልስ ይበልጥ አናደደኝ። መውጫ ፈተና ላይ መኪና ሥሩ የሚል ጥያቄ አይመጣም አሏቸው።

አዎ፣ አይመጣም። ታዲያ ልጆቹ አምስት ዓመት ሙሉ የሚማሩት ለአንድ ፈተና ነው እንዴ? ፈተናው በ2015 ሲጀመር ብቁ ተመራቂ ለማውጣት ነው ተብሎ ነበር። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ለ50 ከመቶ ብሎ ሙያ የሚለመድበትን ቤት መቆለፍ ምን የሚሉት ብቃት ነው?

ኃላፊው አንድ ማታ ወርክሾፑ ገብተው ቢያዩ ኖሮ እንዲህ ባላሉ። አንድ ቡድን ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና እየሠራ ነው እንበል። ለጎማው ዘንግ 6204 የሚባል ኩሽኔታ፣ ዘንጉ እንዲሽከረከር የሚሸከመውን የብረት ቀለበት፣ ይገዛሉ። የውስጥ ቀዳዳው 20 ሚሊሜትር ነው። ዘንጉንም ኮምፒውተር ላይ 20 ሚሊሜትር አድርገው ይሥሉታል። ስክሪኑ ላይ ልክክ ይላል። ቶርኖ ቤት አሠርተው ሲያመጡት ግን አልገባ ይላል። በመዶሻ ሲሉት ኩሽኔታው ይበላሻል። ሁለተኛውን ዘንግ ትንሽ ያስልጡታል። ይሄኛው ደግሞ ይላላል፣ ኩሽኔታው በእጅ ይወልቃል። መለኪያው ካሊፐር ሁለቱንም ዘንጎች 20 ይላቸዋል። ልዩነቱ የሚሊሜትር መቶኛ ነዋ! ከካሊፐር ይበልጥ ረቂቅ የሆነውን መለኪያ፣ ማይክሮሜትር፣ ፍለጋ የሚነሱት ያኔ ነው።

ቶለራንስን፣ ማለትም አንድ ልኬት ምን ያህል ልዩነት እንደሚፈቀድለት፣ ክፍል ውስጥ ተምረውታል። ሠንጠረዡን ሸምድዶ ኤ ያመጣም አለ። የገባቸው ግን ያን ማታ ነው። ከዚያ ወዲያ ማሽን ዲዛይን ክፍል የሚገቡት ጥያቄ ይዘው ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ከኪሳቸው አዋጥተው የገዙት፣ በእጃቸው ያበላሹት ኩሽኔታ ነው። ይህን ያየ ሰው ፕሮጀክት ትምህርት ይሻማል አይልም። ወርክሾፕ ሳይረግጥ የተመረቀ መሐንዲስ ሰርተፍኬት እንጂ ሙያ የለውም፤ ይህን ለማለት አላመነታም።

የኔዘርላንድስ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፀሐይ ኃይል የሚሄድ መኪና ለመሥራት ትምህርታቸውን ለአንድ ዓመት ያቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 አውስትራሊያ ላይ በተካሄደ የፀሐይ መኪና ውድድር ከዳርዊን እስከ አደሌድ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው፣ በመጀመሪያ ሙከራቸው አሸነፉ። ዩኒቨርሲቲያቸው ከጎናቸው ነበር። የእኛዎቹ አንድ ዓመት ይሰጠን አላሉም። የጠየቁት የማታ ጥቂት ሰዓት ነው።

ደግሞስ በምን ጊዜ ነው ይህ የሚደረገው? መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነው። ባትሪው ሲደክም፣ ሞተሩ ሲቃጠል ማን ይጠግነዋል? መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብተው አሮጌ ሞተር ገዝተው፣ ፈትተው የሚገጥሙትን ልጆች እኮ ነው ከወርክሾፕ የምናስወጣው።

በፕሮጀክት ተጠምዶ ኮርስ የሚጥል ተማሪ አለ። እሺ፣ አድቫይዘሩ ጠርቶ ያነጋግረው። ግን ኮርስ ከሚጥሉት አብዛኞቹ የወርክሾፕ ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ለእነሱስ ምን ተቆለፈላቸው? የ3 ነጥቡ ነገር ደግሞ ይብሳል። 2.7 ይዞ ከሁሉም የተሻለ የሚበይድ ልጅ አለ። ከትምህርቱ ጋር ያያያዘው ያ ብየዳ ነው። እሱን አስወጥቶ ውጤትህን አሻሽል ማለት ጭካኔ ነው።

ማስታወቂያው ይነሳ። ወርክሾፑ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይከፈት፣ ለቴክኒሻኑም ትርፍ ሰዓቱ ይከፈለው። ሚድና ፋይናል ሲደርስ ቡድኖቹ ሥራ ያቁሙ፤ ጠይቋቸው፣ እሺ ይላሉ። የአምስተኛ ዓመቶቹ መኪናውን የመመረቂያ ፕሮጀክታቸው አድርገው ያቅርቡት፣ ግሬድ ይሰጣቸው። ይህን ለመወሰን አንድ የዲፓርትመንት ስብሰባ ይበቃል። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ይጠራ።