ጣራው ይናድ ወይስ ይቁም?

የአሜሪካዋ የፔንስልቬኒያ ግዛት ሕግ ከ1994 ጀምሮ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኩባንያዎች ሎንግዎል በሚባለው ዘዴ በአሮጌ ቤቶች ሥር ጭምር የድንጋይ ከሰል እንዲያወጡ ፈቅዷል። ቤት ከተሰነጠቀ ይጠግናሉ ወይም ይክሳሉ። ፈቃዱ ተገቢ ነው?

ደጋፊ፦ መጀመሪያ ሥር ምን እንደሚሠራ እንይ፤ ሳናውቀው እንዳንጣላ። በከሰሉ ንጣፍ ዙሪያ ዋሻ ይቆፈርና አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን ይለያል። ወርዱ ከ300 ሜትር ሊበልጥ፣ ርዝመቱ ኪሎ ሜትሮች ሊሆን ይችላል። ባለ ጥርስ ከበሮ የተገጠመለት ማሽን በአንዱ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ ከሰሉን ይገፈዋል፤ ሥጋ ቆራጭ ከተሰቀለው ሥጋ እየገፈፈ እንደሚያወርደው በለው። የወረደው በብረት ማጓጓዣ ይወጣል። ሠራተኞቹ በሃይድሮሊክ ከሚቆሙ ግዙፍ የብረት ጋሻዎች ሥር ናቸው። ማሽኑ ሲያልፍ ጋሻዎቹ ዝቅ ይላሉ፣ ወደፊት ይራመዳሉ፣ ጣራውን እንደገና ይሸከማሉ። ከኋላቸው ያለው ጣራ ይናዳል። እንዲናድ ነው የተፈለገው! ጣራውን የሚሸከም የከሰል ምሰሶ እያስቀሩ ቢቆፍሩ ግማሹ ከሰል እዚያው የሚቀርበት ጊዜ አለ። ምሰሶው ደግሞ ከስንት ዓመት በኋላ በማታውቀው ቀን ይከዳሃል። ሎንግዎል መሬቱን አሁኑኑ ያወርደዋል። ቀኑን ስለምታውቅ ቤቱን አስቀድመህ ትደግፋለህ።

ተቃዋሚ፦ ጥሩ አስረዳህ፣ ወንድሜ። ቤትስ ይጠገን እንበል። ሐይቅስ? ግሪን በሚባለው አውራጃ፣ ራየርሰን ስቴሽን መናፈሻ ውስጥ ዱክ ሐይቅ ነበር። በ2005 ግድቡ ተሰነጠቀና ውኃው ተለቀቀ። ግዛቱ ጥፋቱ የሎንግዎሉ ነው አለ፤ ኩባንያው አይደለም አለ። በ2013 በ36 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ግድቡ ሊሠራ ነው ሲባል ከረመ። በ2015 ግን መሬቱ ገና ስለሚንቀሳቀስ አይሠራም ተባለ። ከ10 ዓመት በኋላ! "ቀኑን ታውቃለህ" ያልከው ይሄን ነው?

ደጋፊ፦ ይህቺስ ትመታለች፣ አልክድም። ግን ከሐይቅ ሰው ይበልጣል። በ2007 ዩታ ውስጥ፣ ክራንዳል ካንየን በተባለ የከሰል ማዕድን ውስጥ ምሰሶዎች ፈንድተው 6 ሰዎች ተቀበሩ። ሊያወጧቸው ከገቡት 3 ሞቱ። ምሰሶ እንዲህ ነው።

ተቃዋሚ፦ ቆይ ቆይ፣ ከመሃል ጀመርከው። እነዚያ ምሰሶዎች እኮ ግራና ቀኛቸው በሎንግዎል ተቆፍሮ ያለቀ ነው። የሁለቱ ወገን ክብደት እነሱ ላይ አርፎ ሳለ እነሱንም ቆርጠን እናውጣ ተባለ። ሰው ካነሳህ አይቀር፣ በ2010 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አፐር ቢግ ብራንች በተባለ የከሰል ማዕድን ውስጥ የደነዘ የማሽን ጥርስ ድንጋይ መትቶ ብልጭታ ፈጠረ። ውኃ መርጫው በቅጡ አይሠራም ነበር። ሚቴን ጋዙ ተቀጣጠለ፣ የከሰል ብናኙ ተቀበለው። 29 ሰው አለቀ።

ደጋፊ፦ ያ የአለቆች ስስት ነው። የዚያ ማዕድን ባለቤት ኩባንያ የቀድሞ ዋና ሥራ አስኪያጅ የደኅንነት ደንብ ለመጣስ አሲሯል ተብሎ 1 ዓመት ተፈርዶበታል። ማሽኑ ምን አደረገ?

ተቃዋሚ፦ ማሽኑማ ፈጠነ። ከሰሉ ሲፈጥን ጋዙም ብናኙም አብሮ ይፈጥናል፤ ተቆጣጣሪው ግን ያው በእግሩ ነው የሚሄደው። ለማንኛውም ወደ ፈቃዱ እንመለስ። ከግድብና ከጅረት ሥር ምሰሶ ይቅር ነው የምለው።

ደጋፊ፦ ከግድብ ሥር እሺ። ከጅረት ሁሉ ሥር ካልክ ግን፣ ግሪን ውስጥ ጅረት የሌለበት ሸለቆ የት አለና ነው?