ጊዜ ተርፏቸው አይደለም የሚመጡት

ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት የሆናቸው አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ እኔ በማስተባብረው የሕፃናት ንባብ ፕሮግራም በበጎ ፈቃደኝነት ለማገልገል ተመዝግበው በአራተኛው ሳምንት ቀሩ። ታመው እንደሆነ ብዬ ስደውልላቸው ደኅና መሆናቸውን ነገሩኝ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላም፣ በሦስቱ ሳምንታት የተሰጣቸው ሥራ ወረቀት ማጠፍና ፖስታ ማሸግ ብቻ እንደነበር፣ ሥራውን እንደማይንቁት፣ ነገር ግን ምን መሥራት እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው አንድም ሰው አለመኖሩ ቅር እንዳሰኛቸው በትሕትና አስረዱኝ። እውነታቸውን ነበር። የመመዝገቢያ ቅጹ ዕድሜያቸውን፣ የጤናቸውን ሁኔታና በሳምንት ስንት ሰዓት መገኘት እንደሚችሉ ይጠይቃል፤ ስለ ፍላጎታቸውም ሆነ ስለ ሙያቸው የሚጠይቅ መስመር ግን አልነበረውም። ቅጹን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ከአረጋውያን በጎ ፈቃደኞች ጋር በተነጋገርኩ ቁጥር አንድ ነገር እየጎላብኝ መጥቷል። ስለ እነሱ ስንወያይ ዘወትር የሚነሳው ጥያቄ «አረጋውያንን ወደ በጎ ፈቃድ ሥራ እንዴት እናምጣቸው» የሚል ነው፤ በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ሲመጡ እንዴት እንቀበላቸዋለን» የሚለው ነው። ፈቃደኛ አይደሉም ብለን ከምናልፋቸው ሰዎች ብዙዎቹ እምቢ ያሉት ማገልገልን ሳይሆን አጠራራችንን ነው።

የአጠራራችን የመጀመሪያ ስሕተት «አሁን እንግዲህ ጊዜ አላችሁ» የሚለው አነጋገር ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ሁሉ ቀኑን በምን እንደሚገፋው ጨንቆት የተቀመጠ ይመስለናል። ቀረብ ብለን ስናይ ግን አንደኛዋ የታመሙ ባለቤታቸውን ያስታምማሉ፣ ሌላው ልጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ የልጅ ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ፣ ሦስተኛዋ ዓይናቸው ለደከመ ጎረቤታቸው ደብዳቤ ያነባሉ፣ መድኃኒት ያመጣሉ። በመዝገብ ስለማይሰፍር በጎ ፈቃድ ተብሎ አይቆጠርም እንጂ ይህ ሁሉ አገልግሎት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ላውራ ካርስተንሰን ለብዙ ዓመታት ባካሄዱት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው ከፊቱ ያለው ጊዜ እያጠረ መሄዱን ሲረዳ ለስሜቱ ቅርብ ለሆኑና ትርጉም ለሚያገኝባቸው ነገሮች ቅድሚያ ይሰጣል። እንግዲህ አረጋዊው ጊዜውን የሚያውልበትን የሚመርጥ እንጂ የሚጥልበት ቦታ የሚፈልግ ሰው አይደለም፤ ፖስታ ሲያሽጉ የዋሉት ሰውም የቀሩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት አገልግሎትን እንደ መድኃኒት ማቅረብ ነው። «ይምጡ፣ ለጤናዎ ይጠቅማል» እንላለን። አባባሉ መሠረት የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመና ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ 13,000 ያህል አሜሪካውያንን የተከታተለ ጥናት፣ በዓመት 100 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ማለትም በሳምንት ሁለት ሰዓት ገደማ ያገለገሉት ሰዎች ምንም ካላገለገሉት ይልቅ ለሞትና ለአካል እንቅስቃሴ ውስንነት የመጋለጥ ዕድላቸው አነስተኛ እንደነበር አሳይቷል። ይሁን እንጂ ያው ጥናት እንደ ስኳርና የደም ግፊት ባሉ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፤ ደግሞም ለማገልገል የሚወጡት ቀድሞውንም ጤናቸው የተሻለ ሰዎች የመሆናቸው ነገር በእንዲህ ዓይነቱ ምርምር ሁሉ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከተረጋገጠው አልፈን ቃል ባንገባ መልካም ነው። ከዚህም በላይ ግን ነገሩን ስንገለብጠው የምናጣው አለ። በአሜሪካዋ የባልቲሞር ከተማ አረጋውያንን ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስገባውንና በሳምንት 15 ሰዓት ከሕፃናት ጋር እንዲሠሩ ያደረገውን ፕሮግራም ከቀረጹት አንዷ የሆኑት ሐኪም ሊንዳ ፍሪድ የተነሡበት ሐሳብ ሌላ ነበር፦ ለራሱ ጤና ሲባል ከቤት የማይወጣ ሰው ለልጆች ሲባል ይወጣል። ጤናው የሚገኘው ሰውየው ለሌላ ሰው ሲል በሚያደርገው ነገር ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቃቸው 18 የአረጋውያን መርሆዎች አረጋውያን በፍላጎታቸውና በችሎታቸው ልክ በጎ ፈቃደኛ ሆነው የማገልገል ዕድል ሊኖራቸው እንደሚገባ የሚያነሱት «እንክብካቤ» በሚለው ክፍል ሳይሆን «ተሳትፎ» በሚለው ክፍል ሥር ነው።

በእኛው የንባብ ክፍል ሰባዎቹን ያጋመሱ አንዲት እናት አሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን የሚወጡት በአንድ እጃቸው ድጋፉን ይዘው፣ በየእርከኑ ሁለቱንም እግራቸውን እያሳረፉ ነው። ለአንድ ዓመት ያህል ፊደል እየቆጠረ ቃል መገጣጠም ካቃተው ልጅ አጠገብ ተቀመጡ፤ ልጁ ጣቱን ከመስመሩ ሥር ሲያስኬድ እሳቸው ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቁታል፣ ሲሳሳትም አያርሙትም፤ ከመስመሩ መጀመሪያ እንዲነሳ ብቻ ጣቱን ቀስ ብለው ይመልሱለታል። ልጁ አንድ ቀን ገጹን ሳያቋርጥ አነበበ፤ ብዙም ሳይቆይ መምጣቱን ተወ። ደስ እንዳላቸው ነገሩኝ፣ ያን ዕለትም ቤታቸው ገብተው እንዳለቀሱ አልደበቁኝም። ስለ አረጋውያን አገልግሎት በሚታተሙ በራሪ ጽሑፎች ላይ ፈገግታ እንጂ እንዲህ ያለው ኀዘን አይታይም። ልጁ ከሄደ በኋላ ማናችንም «እርስዎስ እንዴት ነዎት» ብለን አልጠየቅናቸውም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ አመጣንላቸው።

የገንዘብን ነገር ማንሳት ብዙዎችን ያሳፍራል፤ ግን መነሳት አለበት። ነፃ አገልግሎት ለሚሰጠው ሰው ነፃ አይደለም፤ መጓጓዣ ይከፈላል፣ ምሳ ውጭ ይበላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረው «አሳዳጊ አያቶች» የተሰኘ ፕሮግራም ይህን ከመነሻው ተረድቶ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አረጋውያን ከልጆች ጋር ለሚያሳልፉት ሰዓት አነስተኛ አበል ይሰጥ ነበር፤ እስከ ዛሬም ይሰጣል። አበል በማይኖርበት ቦታ እንኳ የመጓጓዣ ወጪ መሸፈን አለበት ባይ ነኝ፤ ያውም ደረሰኝ ላቀረበ ሳይሆን ለሁሉም እኩል፣ ሳይጠየቅ። ዕድሜ ልኩን ሠርቶ የኖረ ሰው ለታክሲ ስጡኝ ከሚል መቅረት ይቀለዋል፤ ሲቀርም ምክንያቱን አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የሆነውን አንርሳ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በብሪታንያ የጤና አገልግሎቱን ለማገዝ 250,000 በጎ ፈቃደኞች ተጠርተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ750,000 በላይ ሲመዘገቡ፣ ዕድሜያቸው 70 የሞላ ሰዎች ግን በተለየ ጥንቃቄ ከሰው እንዲርቁ ይመከሩ ነበር። ጥንቃቄው ተገቢ ነበር፤ በሽታው አረጋውያንን ይበልጥ ይገድል ስለነበር። ሆኖም በየሀገሩ ብዙ አረጋውያን በአንድ ሌሊት ከአገልጋዮች ዝርዝር ወጥተው ወደ ተገልጋዮች ዝርዝር ገቡ፤ አደጋው ሲቀንስ ደግሞ «ይመለሱ» ተብሎ ስልክ የተደወለላቸው ሁሉም አልነበሩም። አሁንም ቢሆን የአረጋዊ በጎ ፈቃደኛ ስንብት ሥርዓት የለውም። አቅማቸው ሲደክም የፈረቃ ሰሌዳው ላይ ስማቸው ሳይታይ ይቀራል። ይህ ቅስም ይሰብራል። እንረሳለን ብለው ስለሚሰጉ ከአቅማቸው በላይ እየሠሩ የሚቆዩ አሉ፤ «ከሚመጣው ወር ጀምሮ በሁለት ሳምንት አንዴ ይሁንልኝ» ማለት የሚቻልበት መንገድ ቢኖር ግን በቀለላቸው ነበር።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቻለሁ፣ አሁን ልረፍ» የሚሉትን መውቀስ ግን ከቶ አይገባም። በአንዳንድ ቦታ «ንቁ እርጅና» የሚለው፣ አረጋውያን ከማኅበራዊ ሕይወት ሳይርቁ እንዲኖሩ የሚያበረታታው መልካም ሐሳብ ቀስ በቀስ ግዴታ እየመሰለ፣ ያላገለገለ አረጋዊ ራሱን እንደ ሸክም እንዲቆጥር እያደረገ ነው። ደመወዝ ተከፋይ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ በጀት ሲጎድል ለጡረተኞች ማሸከምም እንዲሁ ልክ አይደለም፤ ወጣቱን ሥራ ያሳጣል፣ አረጋዊውንም ሳያውቀው የሌላ ሰው እንጀራ ላይ ያስቆመዋል።

ቅጹን ቀይሬዋለሁ። አሁን «ምን መሥራት ይፈልጋሉ? የማይፈልጉትስ ምንድን ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች አሉት። ለሒሳብ ባለሙያውም መልሼ ደወልኩና የፕሮግራሙን ሒሳብ እንዲይዙልን ለመንኳቸው፤ ትክክለኛውን ቦታ ያገኘሁላቸው መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቁጥር ሲደምሩ መኖራቸውን፣ ከእንግዲህ ማየት እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። የመጡት ለልጆች ሊያነቡ ነበር። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ የእሳቸው ነው።