ማስተካከያ፦ ለልጆች መጻሕፍት ጸሐፊዎች ስለተሰራጨው መረጃ

አሜሪካ ሆነው በእንግሊዝኛ ለልጆች ለሚጽፉ ወገኖቻችን የተሰራጨው መረጃ መታረም ይኖርበታል።

«ፒች ዋርስ» የተባለው የረቂቅ ምክር ፕሮግራም አሁንም ማመልከቻ እንደሚቀበል ተገልጿል። ፕሮግራሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ተጀምሮ በ2022 ተዘግቷል፤ በሥራ ላይ ሳለም የሚያስተናግደው ልብ ወለድ እንጂ ለትንንሽ ልጆች የሚዘጋጅ የሥዕል መጽሐፍ አልነበረም። ለሥዕል መጽሐፍ የተሻለው በር «ዊ ኒድ ዳይቨርስ ቡክስ» የተባለው ድርጅት ነው፦ የተመረጠውን ጸሐፊ ያለ ክፍያ ለአንድ ዓመት ልምድ ካለው ደራሲ ጋር ያገናኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ረቂቁን ከመላካችሁ በፊት ሠዓሊ ቅጠሩ» የሚለው ኪስ አራቋች ምክር ነው። በአሜሪካ የተለመደው አሠራር ሠዓሊውን አሳታሚው መርጦ፣ ራሱ ከፍሎ ማሠራቱ ነው። ጸሐፊው የሚልከው ጽሑፉን ብቻ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከ500 ቃላት የማይበልጥ። ሥዕሉንም ራሱ የሚሠራ ሰው በእርግጥ ናሙና ያያይዛል።

የጸሐፊውን ረቂቅ ለአሳታሚ አቅርቦ ለሚሸጥ ወኪል «የንባብ ክፍያ» ይከፈላል የተባለውም ይሰረዝ። ሁነኛ ወኪል የሚያገኘው መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ ከደራሲው ገቢ ላይ ነው፤ የተለመደው ድርሻ 15 በመቶ ነው። ለማንበብ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ረቂቃችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።