ናኖ መድኃኒት ጉበትና ጣፊያ ይገባል፤ ካላዛርም ያለው እዚያው ነው

መድኃኒትን በናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን በማትታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት፣ ጭኖ ማድረስን ለዶክትሬት ምርምሩ የመረጠ የባዮሜዲካል ምሕንድስና ተማሪ፣ ርእሱ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ነው። አይፈረድበትም። ገንዘቡም፣ ስመ ጥር መጽሔቶችም፣ የውጭ አገር ነፃ ትምህርትም የሚያደሉት ወደዚያ ነው። የአገራችን ተመራማሪ ግን የሙያ ዘመኑን ጥገኛ ተህዋስ ለሚያመጣው ገዳይ በሽታ ለካላዛር ቢሰጥ ለሳይንሱም ለሕመምተኛውም የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቴ የሚነሣው ከቅንጣቱ ጠባይ ነው። ከመቶ ናኖሜትር ያነሰች የስብ ከረጢት ውስጥ መድኃኒት ከትቶ ወደ ደም ሥር መልቀቅ ይቻላል፤ የት ሄዳ እንደምታርፍ ማዘዝ ግን እጅግ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የዋረን ቻን ቡድን የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ዕጢው ውስጥ የሚገባው ከተሰጠው መጠን ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ በሚውለው 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኘው። ዕድሜውን በዚሁ መስክ ያሳለፈ ሰው ይህን ቁጥር አደባባይ ማውጣቱ ትልቅ ድፍረት ነው፤ ምሁርነት ማለት ለእኔ ይህ ነው። የቀረው ቅንጣት የት ይገባል? አብዛኛው ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይቀራል። እዚያ ማክሮፌጅ የሚባሉ ሕዋሳት ባዕድ ነገር እየዋጡ ደም ያጠራሉና።

የካላዛር ጥገኛ ተህዋስ ተደብቆ የሚራባው ደግሞ እነዚሁ ማክሮፌጆች ውስጥ ነው። የካንሰር ተመራማሪውን ያሸነፈው የሰውነት ጠባይ ለካላዛር ሐኪም መንገድ ይጠርግለታል።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። አምፎተሪሲን ቢ የሚባል መድኃኒት ተህዋሱን ይገድላል፤ ነገር ግን ኩላሊት ይጎዳል። በሊፖሶም፣ ማለትም ከላይ ባነሣኋት የስብ ከረጢት፣ ሲታሸግ ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል። አምቢሶም የሚባለው ይህ መድኃኒት በአገራችን በተለይ ለጠናባቸው፣ ለነፍሰ ጡሮችና ኤችአይቪም አብሮ ላለባቸው ሕመምተኞች ይሰጣል። ነርሷ 50 ሚሊግራም ቢጫ ደረቅ መድኃኒት የያዘውን ብልቃጥ ትከፍትና 12 ሚሊሊትር ንጹሕ ውኃ ትጨምርበታለች፤ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ አጥብቃ ትንጠዋለች፤ በማጣሪያ አሳልፋ ግሉኮስ ውስጥ ትጨምረዋለች። የጨው ውኃ ከነካው መድኃኒቱ ይረጋል፤ ስለዚህ በጨው ውኃ መበጥበጥ ክልክል ነው። የብዙ ዓመት የላቦራቶሪ ልፋት ሕመምተኛው ክንድ ላይ የሚደርሰው በዚህ ጥንቃቄ ነው።

ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። አምቢሶም ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መቀመጥ የለበትም። ካላዛር ያለባቸው የመተማና የሁመራ ቆላዎች ግን በበጋ 40 ዲግሪ ያልፋሉ። የሚታመሙትም ብዙዎቹ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ዋጋውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 አምራቹ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በተስማማበት በቅናሹ ዋጋ፣ በብልቃጥ 18 ዶላር፣ እንኳ 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኪሎ በጠቅላላው 30 ሚሊግራም ሲታዘዝለት 30 ብልቃጥ፣ ማለትም 540 ዶላር ያስፈልገዋል። ሕንድ ውስጥ አንድ ጊዜ በሚሰጥ መጠን አብዛኛው ሕመምተኛ ድኗል፤ ያው መጠን በኢትዮጵያና በሱዳን ሲሞከር ውጤቱ አጥጋቢ ስላልሆነ ሙከራው ተቋርጧል። በሙቀት የማይበላሽ፣ ረከስ ያለና ለእኛው ሕመምተኛ በቂ የሆነ ቅንጣት መሥራት የአንድን ሰው ሙሉ የሙያ ዘመን የሚሞላ ጥያቄ ነው። እኛ ካልያዝነው ማን በዚህ ያህል ሊቸገርበት ነው?

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ላንገር በኬሚካል ምሕንድስና ዶክትሬቱን እንደጨረሰ እ.ኤ.አ. በ1974 ሥራ የጀመረው በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል፣ በቀዶ ሐኪሙ በጁዳ ፎክማን ላቦራቶሪ ነበር። ትልልቅ ሞለኪውሎችን ቀስ በቀስ የሚለቅ ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲክ መሰል ቁስ፣ እዚያ ሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄዎቹ ግን ውድቅ ተደርገዋል። መሐንዲሱ ከሐኪሙ አጠገብ ባይቀመጥ ያ የምርምር ጥያቄ ባልተነሣ ነበር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፤ ፋርማሲም ያስተምራል። ከጅማና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመረቁ ባዮሜዲካል መሐንዲሶች ብዙዎቹ የሆስፒታል መሣሪያ ጠግነው ያስነሣሉ። ሥራው ክቡር ነው። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ግን ጎንደር ገብተው ከሐኪሞቹና ከፋርማሲስቶቹ ጋር በቋሚነት የሚሠሩበት የሥራ መደብ መከፈት አለበት።

የማዕረግ ዕድገቱም መንገድ ይስተካከል። አንድ መድኃኒት ለሞቃት አገር መሆኑን ለማየት ከሚደረጉት ፈተናዎች አንዱ በ40 ዲግሪ ሙቀትና በ75 በመቶ እርጥበት ለስድስት ወር ማቆየት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምናልባት አንድ የምርምር ጽሑፍ ነው፤ ብልቃጡ ከተበላሸ ደግሞ ምንም። ረዳት ፕሮፌሰሩ ለቀጣዩ ማዕረግ ጽሑፍ መቁጠር ካለበት ወደዚህ ፈተና አይቀርብም። የዩኒቨርሲቲ ሴኔቶች የስድስት ወሩን የፈተና መዝገብ፣ ያልተሳካውን ጨምሮ፣ እንደ ታተመ ጽሑፍ ይቁጠሩለት፤ ይህን ለመወሰን ከራሳቸው ድምፅ በቀር ምንም አያስፈልጋቸውም።