ቁራን በጥቁር ብቻ

ደሴ ላይ ወፍ የሚስሉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያዘወትሩት ቀለሟ የደመቀውን ወፍ ነው፤ ለዓይን ታምራለች፣ ገዢም አታጣም። እኔ ግን ከመካከላቸው አንዱ ደፍሮ በጥቁር ብቻ ተከታታይ የወፍ ሥዕል እንዲሠራ እፈልጋለሁ። መነሻው ቁራ ይሁን።

የደጋችንን ባለ ወፍራም መንቁር ቁራ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኘውን፣ «ጥቁር ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት ክንፉ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፣ ጉሮሮው ወደ ቡናማ ያደላል፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው፣ የመንቁሩ ጫፍም ይነጣል። ሌላ ቀለም የተከለከለ ሠዓሊ ይህን ሁሉ በጥቁር መለየት ግድ ይሆንበታል። ከሰል ጫን ሲሉት ይደፍናል፣ በጣት ሲያሹት ይሳሳል። የማጅራቱን ነጭ የሚሠራው ግን ወረቀቱ ራሱ ነው፤ እዚያ ላይ እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ሥዕል መማር ለእኔ ይሄ ነው።

ጥቁር ቀለም ለወሎ እንግዳ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የትምህርት ማዕከል ያደረጉት ሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርባችን ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቀዩን ለቅዱሳን ስምና ለመሳሰሉት እየቆጠቡ ሌላውን የጻፉት ከጥላሸት በተሠራ ጥቁር ነው።

ከቁራው ቀጥሎ ነጭ ሽመላ ይምጣ። ላባን የሚያጠቁረው ሜላኒን ላባውን ያጠነክረዋል፤ ከአውሮፓ ድረስ የሚበርረው ሽመላ ነጭ ሆኖ ሳለ ክንፉ ዳር ዳሩን ጥቁር ነው፣ ቶሎ የሚያልቀውም ያ ዳር ነው። እሱን ብቻ ቀብቶ ሰውነቱን ለወረቀቱ መተው ይቻላል።

ቁራን ያስቀደምኩት ስሙም ስለሚያሳዝነኝ ነው። ተልኮ የቀረን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንላለን። ነገር ግን በቁርኣን፣ የአዳም ልጅ የወንድሙን አስከሬን የሚያደርግበት ሲጨንቀው መሬት ጭሮ ያሳየው ቁራ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም ለኤልያስ እንጀራና ሥጋ ያመላለሱት ቁራዎች ናቸው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ረከቦት ከበው ቡና በሚጠጡባት ከተማ እነዚህ ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን በአንድ ጥቁር ቢሳሉ ሰው ቆሞ ያያቸዋል።

ወጪው ወረቀት ነው፤ ከሰሉን የኮምቦልቻም ሆነ የደሴ ተማሪ ከቤቱ ምድጃ ያገኘዋል። የት ይሰቀል ለሚል፣ አዳራሽ እስኪገኝ መጠበቅ አያሻም፤ የሰፈር ቡና ቤት ግድግዳ ይበቃል።