እርማት፦ የጅማ ኬላ የቤተ ክህነት ዳኝነት ወሰን አልነበረም

«የጅማ የጥንት ኬላዎች የንጉሡንና የቤተ ክህነትን ዳኝነት የሚለዩ ምልክቶች ነበሩ» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ስለሆነ፣ በአክብሮት ላርም። ኬላ የጅማ መንግሥት የውጭ ድንበር በር ነበር። አባ ኬላ የሚባለው ሹም በሩን ይጠብቅ፣ ሲራራ ነጋዴውም ከነአጋሰሱ ቆሞ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ከበሩ ግራና ቀኝ መከላከያ ቦይ፣ ከቦዩ ወዲያ ደግሞ ሞጋ፣ ማለትም ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ነበር። ጅማ ደግሞ ዳግማዊ አባ ጅፋር (እ.ኤ.አ. 1878–1932) የገዙት እስላማዊ መንግሥት ነበር እንጂ በቤተ ክህነት ዳኝነት የሚከፈል አልነበረም። ከንጉሡ ዳኝነት ለሸሸ ሰው መጠለያ የመሆን መብት የነበራት የአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የጅማ ኬላና የአክሱም መጠለያ የተቀላቀሉ ይመስለኛል።

ለማጣራት የኬላዎቹን ቦታ ካርታ ላይ አስፍሩ፦ ወደ ሊሙና ወደ ከፋ በሚወስዱት የንግድ መንገዶች ጫፍ እንጂ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ አታገኟቸውም። ስህተቱ ከቀጠለ ቅርስ ፈላጊው የሌለ የቤተ ክህነት ወሰን ድንጋይ ሲፈልግ፣ የቀረው የኬላ መከላከያ ቦይ በማረሻ ይደፈናል።