ዓሣ ነው ወይስ ስፖርት?

አሁን ከቢሮው ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፍላይ ፊሺንግ፣ ማለትም ከላባና ከክር በተሠራ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ፣ እንድለማመድ የምትፈቅደው ደብዳቤ ዛሬም አልተሰጠችኝም። ስሄድ ይሄ አራተኛዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥበቃው ከሐይቁ ዳር ሲያስነሳኝ ነው፣ «ደብዳቤ ካመጣሽ ማን ይከለክልሻል» ነበር ያለው። እሺ ብዬ ሄድኩ። ዓሣ የሚመለከታቸው ሰዎች «እኛ የምናውቀው መረብና ጀልባ ነው፣ ይሄ ስፖርት ነው» አሉኝ። ስፖርት የሚመለከታቸው ጋ ስደርስ «ዓሣ አይደል እንዴ? ዓሣ እነሱ ጋ ነው» ተባልኩ። እነዚያ ተመልሰው ወደነዚህ ሰደዱኝ። አንዱም «ቁጭ በይ፣ ምንድነው ነገሩ?» ያለኝ የለም።

ዛሬ ግን የባሰው መጣ። ሰውዬው ማመልከቻዬን ጮክ ብሎ አነበበው። ለራሱ ቢያነበው ምን ነበረበት? ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰው አለ፣ ሁለቱ ባለጉዳይ ናቸው።

«ፍላይ ፊሺንግ... ፍላይ ዝንብ ማለት አይደል?»

«አዎ፣ ግን እውነተኛ ዝንብ አይደለም። ከላባና ከክር የሚሠራ ነው።»

«ዝንብ ትሠሪያለሽ?»

«አዎ።»

«ሐዋሳ ላይ ዝንብ ጠፍቶ ነው?»

ሳቁ። ባለጉዳዮቹም ሳቁ፣ እንደኔው ሦስት ሰዓት ወረፋ የጠበቁት!

«እሺ፣ ዓሣውን ስትይዢው ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ለክቼ እለቀዋለሁ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ከነነፍሱ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ያዝሽው?» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ከዚያ እንደ መካሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔ እህት፣ ዓሣ ካማረሽ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ሂጂ፣ ጥሬውም ጥብሱም አለ። ይሄ የሥራ ፈት ነገር ነው። ትዳር የለሽም እንዴ?»

ትዳር! ማመልከቻው ላይ ስለ ትዳር የተጻፈ ነገር የለም። ያቃጠለኝ ደግሞ ዝም ማለቴ ነው። መልሱ ሁሉ የመጣልኝ ደረጃውን ስወርድ ነው። ስለዚህ እዚህ ልመልስለት።

ለምን ያዝሽው ላልከኝ። ይሄ ነገር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮና አለው፣ የመጀመሪያው ሉክሰምበርግ ነበር። ተወዳዳሪው የተለካች የውሃ ክፍል ይሰጠዋል፣ ሦስት ሰዓት ያጠምዳል፣ አጠገቡ የቆመ ዳኛ እያንዳንዱን ዓሣ ለክቶ ይመዘግባል። ዓሣው ይለቀቃል፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ዙር ያቺኑ ውሃ ሌላ ተወዳዳሪ ይረከባታል። መንጠቆው ላይ ወደ ኋላ የዞረችው ጥርስ እንኳ ክልክል ናት። እኔ ጥርሷን በፒንሳ አስተኝቼ ነው ዝንቧን የምሠራት፣ ዓሣው ሳይቀደድ እንዲሄድ። ይሄን ሁሉ ለመስማት ሁለት ደቂቃ ይበቃው ነበር።

ሥራ ፈትም ላልከኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያውን ስድስት ወር ውሃ ዳር አልደረስኩም። ግቢ ውስጥ የልብስ ሳፋ አስቀምጬ፣ ከክሩ ጫፍ በመንጠቆ ፋንታ የሱፍ ቁራጭ አስሬ ሳፋው ውስጥ ለማሳረፍ ስወረውር ነው የከረምኩት። በሌላው አጠማመድ ክሩ ላይ የታሰረው የእርሳስ ብረት ክሩን ይጎትተዋል። እዚህ ግን ዝንቧ ክብደት የላትም፣ የሚሄደው ወፍራሙ ክር ነው፣ ዝንቧን ተሸክሟት ይሄዳል። ክንድሽ የሰዓት ፊት ላይ 10 ቁጥርና 2 ቁጥር ባሉበት መሃል ብቻ ትንቀሳቀሳለች። ወደ ኋላ ስትወረውሪ ክሩ ከጀርባሽ እስኪዘረጋ ትጠብቂያለሽ። ከቸኮልሽ እንደ ጅራፍ ይጮኻል፣ ዝንቧም ተበጥሳ ትቀራለች። ወንድሜ «ቡሄ ደረሰ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ያ ክሩ ከጀርባ እስኪዘረጋ መጠበቅ ሰው አድርጎኛል። ድሮ ስልኬን ሦስቴ ያላነሳልኝን ሰው የማኮርፍ ነበርኩ። አሁን አንድ ጠዋት ሙሉ አንድም ዓሣ ዝንቤን ሳይነካልኝ እቆማለሁ፣ በማግስቱም እሄዳለሁ። የነዚህን ሰዎች ሳቅ ግን እስካሁን አልለመድኩትም።

ሳቁ ብቻ ቢሆን ደግሞ ደግ ነበር። ለፋሲካ ጎረቤታችን ገብስማ ዶሮ አረዱ። የገብስማ የአንገት ላባ ለዝንብ ሠሪ ወርቅ ነው፣ ነጭና ጥቁሩ ውሃ ላይ ሲታይ ነፍስ ያለው ይመስላል። ላባውን ስጠይቃቸው ሰጡኝ። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ውስጥ «ልጅቱ ለጠንቋይ ላባ ትለቅማለች» ተባለ! እናቴ ቡና ላይ ሰምታ መጣች። አለቀሰች እኮ። እሷን ማስረዳቱ ነው ከሁሉም የከበደኝ፣ የሠራኋትን ዝንብ መዳፏ ላይ አስቀምጬ አሳየኋት። አንድ ባለባጃጅም የማጥመጃ ዘንጌን አይቶ የሁለት ሰው ሒሳብ ያስከፈለኝ በዚያው ሳምንት ነው። እሱንም አልረሳሁትም!

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀብኝም። ጥቁር ውሃ በሚባለው ቦታ በኩል ያሉ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን በመረብ የኖሩ ናቸው። ሦስት ቀን ዝም ብለው ሲያዩኝ ከረሙና ዝንቧን ተቀብለውኝ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጓት። «ይቺ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ስር ያለችውን ትል ትመስላለች» አሉኝ። ትክክል! እሷን አስቤ ነበር የሠራኋት። «ልጄ፣ ከሰዓት ንፋሱ ያስቸግርሻል፣ ማልደሽ ነይ» አሉ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ምግቡ በብዛት አልጌ ስለሆነ ለዝንብ ግድ እንደሌለው፣ ቢልጫ የሚባለውን ዓሣ መፈለግ እንዳለብኝም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ በራሳቸው አነጋገር። የመጀመሪያዋን ቢልጫ የያዝኩት እሳቸው አጠገብ ነው። 31 ሳንቲ ሜትር። ስለቃት ልጆቹ «ለቀቀቻት!» ብለው ጮኹ፣ አንዱማ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ሽማግሌው ግን «ታድጋለች» ብለው ወደ መረባቸው ዞሩ።

ታዲያ ሳይማሩ እንዲህ የሚገባቸው ሰው ካሉ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው ለምን አይገባውም? ሁለት ገጽ ደብዳቤ አይደለም የጠየቅኩት። «ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ትለማመድ» የምትል አንዲት መስመርና ማህተም ነው። ገንዘብ አልጠየቅኩ፣ ቦታ አልጠየቅኩ!

ደክሞኛል። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል። ባጃጁ ሰፈር ደርሷል፣ ሾፌሩ «ውረጂ» እያለኝ ነው።

ነገ 12 ሰዓት ላይ፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ ሐይቁ ዳር ነኝ። ጥበቃው ካስነሳኝ ወደ ሽማግሌው እሄዳለሁ። ሰኞ ደግሞ አምስተኛ ቀኔ ነው፣ ማመልከቻውን ራሴ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

እናንተ ደግሞ ለበዓሉ ገብስማ ዶሮ የምታርዱ ካላችሁ የአንገቱን ላባ አትጣሉብኝ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ።